እኔ አርማታ አይደለሁም፣ አባዬ

እሺ ስሙኝ፣ ይሄን ነገር አሁኑኑ ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ። የምጽፈው ሶፋ ላይ ተዘርግቼ፣ ሁለቱም እግሬ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ ነው። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

የጀመረው ረቡዕ ነው። የትምህርት ቤታችን መረብ ኳስ ቡድን አዲስ ተጫዋች ሊመርጥ ነው፤ ቦታው አሥራ ሁለት፣ የተመዘገብነው ሠላሳ አንድ፣ ምርጫው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት። እኔ ለዚህ ቡድን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የምሞትለት። ያ ቢጫ ማልያቸው በሕልሜ ሁሉ ይመጣል! አምና በአንድ ሰው ነው የቀረሁት። በአንድ! ከርሞ ደግሞ የመጨረሻ ክፍል ነኝ፣ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ አዲስ አይወስዱም። ዘንድሮ ካለፈኝ አለፈኝ ነው።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ኮች ሠላሳ አንዳችንንም አዳራሽ ሰብስባ አሠራችን። ኮች አሰልጣኛችን ናት፤ ቁመቷ እስከ ትከሻዬ፣ ድምጿ ግን እስከ ሦስተኛው ሰፈር። ቁጭ ብድግ ብሎ መዝለል፣ ሃያ ሃያ፣ አምስት ዙር። ከዛ ደረጃ መውጣት። ከዛ እንደገና ቁጭ ብድግ! መጨረሻ ላይ እንደ እርጥብ ልብስ ወለሉ ላይ ተዘርረን እያለን እንዲህ አለች፦

«በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምግብ ብሉ። ውሃ ጠጡ። ሐሙስና ዓርብ እረፉ።»

ብላለች። በደንብ ብላለች። ግን እኔና ሳቂታ (የነፍስ ጓደኛዬ ናት፣ መምህር ሲቆጣትም ትስቃለች) ልክ በዛች ሰዓት ከፊታችን የተኛችው ልጅ ሱሪ ከኋላ መተርተሩን አይተን አፋችንን በፎጣ አፍነን ነበር። ስለዚህ ጆሮዬ ውስጥ የገባችው «ግማሽ ሰዓት» የምትለዋ ብቻ ናት።

ቤት ስደርስ ከግማሽ ሰዓቱ አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። እራት ገና እሳት ላይ ነው። አራት ደቂቃ! በቃ በዚህ ጊዜ ነው ሰይጣን የወንድሜን ቆርቆሮ ያሳየኝ።

ወንድሜን ጡንቼ ነው የምንለው። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ መስታወቱን፣ ቀጥሎ እኛን ነው ሰላም የሚለው። ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ትልቅ የፕሮቲን ዱቄት ቆርቆሮ አለው፣ አንገት የሌለው ሰውዬ የተሳለበት። «አንድ ማንኪያ» ይላል ላዩ ላይ። እኔ አራት አደረግኩ፣ ቸኩዬ ነበራ! በውሃ በጠበጥኩት፤ አልበጠበጥ ሲለኝ እያኘክሁ ጠጣሁት። ሆዴ ተነፋ። እራት ሳልበላ፣ ውሃ ሳልጠጣ፣ ስልኬን ስጎረጉር አመሸሁና ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት... ወይኔ ሐሙስ ጠዋት! ከአልጋ የተነሳሁት ተንከባልዬ ነው። ሽንት ቤት መቀመጥ... እሱን እንተወው። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ደረጃውን ወደ ፊት መውረድ አቃተኝ፣ ስለዚህ ዞሬ፣ ብረቱን ይዤ፣ በእያንዳንዷ ደረጃ «ውይ» እያልኩ ወደ ኋላ ወረድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከጀርባዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ምን ሆንሽ ሚጢዬ?»

አባዬ ነው። ምሳ ዕቃውን ረስቶ ሊወስድ እየተመለሰ።

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ታዲያ እንደ ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ የሚያስኬድሽ ምንድነው?»

አባዬን ላስተዋውቃችሁ። አባዬ የግንባታ ፎርማን ነው፣ ሥራው አርማታ ማስሞላት። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ውሃ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ፎቅ ሲያይ «ስንት ያምራል» አይልም፣ «ውሃ ጠጥቷል?» ነው የሚለው። የሳሎናችንን በር የሚይዘው ራሱ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ፤ ከመጀመሪያ ሥራው የተረፈ የአርማታ ኪዩብ ነው።

ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ቁጭ ብድጉ፣ ስለ ኮች።

«ከዛ በኋላ ምን በላሽ?»

«ዱቄት።»

«የምን ዱቄት?»

«የጡንቼን።»

«ብቻውን?»

«በውሃ።»

አባዬ ሄልሜቱን አወለቀ። አባዬ ሄልሜቱን የሚያወልቀው ሰው ሲሞትና ግድግዳ ሲሰነጠቅ ነው።

ማታ ላይ ፍርድ ቤት ተቀመጠ። ሳሎን ውስጥ። ጡንቼ ቆርቆሮውን አቅፎ ይጮሃል፦ «በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌበት ነበር! አራት ማንኪያ! ሌባ!»

«ዝም በል አንተ» አለው አባዬ። «ይሄ ያንተ ዱቄት ሲሚንቶ ነው በለው። ሲሚንቶ ብቻውን ቤት ይሆናል? አሸዋው የታለ? ጠጠሩ የታለ? እሷ ምግብ ሳትበላ ሲሚንቶ ዋጠች፣ አንተም እኮ ቁርስ ትተህ እሱን ነው የምትልሰው።»

«አባዬ እኔ ሳይንሱን ነው የምከተለው...»

«ደረትህ በልቷል፣ እግርህ ግን ገና መሠረቱም አልተቆፈረም።»

እማዬ ከወጥ ቤት በሳቅ ፈነዳች። ጡንቼ ብርድ ልብስ እግሩ ላይ ጣለ።

ከዛ አባዬ ወደኔ ዞረና ኮች ያለችውን (ሙሉውን በማግስቱ ከሌሎቹ ልጆች ነው የሰማሁት) ቃል በቃል አስደገመኝ። በግማሽ ሰዓት ብሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ እረፉ። ዓይኑ በራ! «ይቺ ሴትዮ ሥራ ታውቃለች! የተቦካ አርማታ ቆሞ አይጠብቅም፣ በሰዓቱ ነው የሚሞላው። ከዛ ውሃ። ከዛ ማንም እንዳይረግጠው። ልክ የኛው ሥራ ነው እኮ!»

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ምን እንደሚመጣ መቼ አወቅኩ።

የሳይት ማስታወሻውን አወጣ፣ ያንን ሰማያዊ ትልቁን። ቀን፣ የተሠራ ሥራ፣ የአየር ሁኔታ፣ ምርመራ። በዓይኔ ያየሁትን ልጻፍላችሁ፦ «ሐሙስ። ሁለት እግር፣ ረቡዕ የተሞላ፣ ያለ በቂ ጥሬ ዕቃ። የአየር ሁኔታ፦ አኩርፋለች።» ምግቡንም እንደ ሲሚንቶና አሸዋ በልክ አደረገው፦ አንድ ለሁለት ለሦስት። አንድ እንቁላል፣ ሁለት ዳቦ፣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ። ቀጥሎ ሩዝ በምስር። ቀጥሎ ወተትና ሙዝ። ሳይት ላይ አርማታ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፤ እኔ በእርጥብ ፎጣ ተሸፈንኩ። ሶፋው ዙሪያ ደግሞ፣ እናንተ፣ ያ ቀይና ነጭ የሆነው ቴፕ! የአደጋ ቴፑ! ከቴሌቪዥኑ እስከ መጋረጃው!

«ልጄን ግድግዳ አደረግካት» አለች እማዬ።

«አትርገጪ» አላት አባዬ።

ዓርብ ከትምህርት መልስ ወዲያው ቴፑ ውስጥ ገባሁ። ሳቂታ ደወለች። እያለከለከች ነው።

«የት ነሽ? ሁላችንም እኮ ከአዳራሹ ጀርባ እየዘለልን ነው! ትናንትም ዘለልን!»

«እግራችሁን አያማችሁም?»

«ልሞት ነው! ግን ሌሎቹ ካላቆሙ እኔ እንዴት ላቁም?» ብላ ሳቀች፣ ከዛ «አይይ» አለች፣ ስትስቅ ሆዷንም ያማታል ማለት ነው።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እነሱ እየዘለሉ እኔ ሙዝ እየበላሁ!

ቅዳሜ በጠዋት ተነሳሁ፣ ስኒከሬን አሠርኩ፣ ወደ በሩ ስሄድ አባዬ ወንበር አስጠግቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ማስታወሻው ጭኑ ላይ።

«የት ነው?»

«ምርጫው ዛሬ ነው አባዬ።»

«ዛሬ ሦስተኛ ቀን ነው።»

«እና?»

«ሰባት ቀን ነው ውሃ የሚጠጣው። ከሰባት ቀን በፊት ጭነት የለም። ረቡዕ ሂጂ።»

«ረቡዕ ማን ይጠብቀኛል? አባዬ እኔ አርማታ አይደለሁም!»

«ቸኩሎ ጭነት ያስጫነ ሰው አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ፎቁ ዘሟል።»

ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ቢጫው ማልያ ከነቁጥሩ ሲሄድ ታየኝ። እንባዬን ለመደበቅ ወለሉን ሳይ... ኪዩቡ! በሩን የያዘው ኪዩብ!

«አባዬ! ይሄ ምንድነው?»

«ኪዩብ ነዋ።»

«ለምንድነው የሚሠራው?»

«ከዛው ከሚሞላው አርማታ ትንሽ ይወሰድና ይሞከራል፣ ጥንካሬው...» ቆመ። ገባው።

«መቼ መቼ ነው የሚሞከረው?»

አባዬ ማስታወሻውን ከደነ።

«አባዬ፣ መቼ?»

«በሰባት ቀን፣ በሃያ ስምንት ቀን...» ጢሙን አሸ። «የሚያስቸኩል ሥራ ከሆነ በሦስትም ይሞከራል።»

«ታዲያ ሞክረኛ!»

ጡንቼ ሳይቀር ከመኝታ ቤት ወጣ። አባዬ በአውራ ጣቱ ጭኔን ተጫነ። «እዚህ?» አያመኝም። «እዚህ?» ትንሽ። ትንሽ አልኩት፣ አልዋሸሁም። ደረጃውን እስከ ታች ወርጄ እንድወጣ አዘዘኝ፤ ወደ ፊት ወረድኩ፣ አንድም «ውይ» ሳልል! የመጨረሻው፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ባለፈው ሰኞ ዘልዬ የነካሁበት የእርሳስ ምልክት አለ። ዘለልኩ። ጣቴ ልክ ምልክቱ ላይ አረፈ። አላለፈም፣ አላነሰም።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ ግድግዳውን መረመረ። ከዛ ጻፈ፦ «የሦስት ቀን ሙከራ አልፏል። ጭነት ተፈቅዷል፣ ተቆጣጣሪ ባለበት።»

ተቆጣጣሪው እሱ ነው። ከነሄልሜቱ አዳራሹ ድረስ መጣ! በሰው ፊት!

ግን ከዛ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሠላሳው ልጅ እንደ ሮቦት ነው የሚሄደው። ሳቂታ አግዳሚ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሁለት ሰው ያዛት። ኮች «ዝለሉ» ስትል የግማሾቹ እግር መሬቱን ለቆ አልተነሳም። እኔ ዘለልኩ። ቆንጆ አልነበረም፣ ሁለቱን ኳስ መረብ ውስጥ ሰድጃለሁ፣ አንዱ ጣሪያ መትቶ ቀርቷል። ግን በአንደኛው ሰዓትም በሁለተኛውም እኩል ነው የዘለልኩት። ከኋላ አባዬ «ቀስ! ቀስ! ገና ነው!» እያለ ይጮሃል። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ኮች ስም ጠራች። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛዋን ስትጠራ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ አየችና... እኔ! እኔ!! ጩኸቴን ሰምታችሁት ሊሆን ይችላል።

እየዘለልኩ ሳለ አባዬ ሰዓቱን እያየ መጣ። «ሃያ ደቂቃ ቀርቶሻል» ብሎ የተላጠ እንቁላል አፌ ውስጥ ከተተ። ኮች ቆማ አየችው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

አባዬ ማስታወሻውን ዘረጋላት። አነበበች። «አኩርፋለች» የሚለው ጋ ስትደርስ ከንፈሯን ነከሰች። ከዛ ወደ ሁላችንም ዞራ፣ በዛ ድምጿ፦

«ረቡዕ ምን አልኩ? እረፉ አላልኩም? ከሠላሳ አንድ ሰው ያረፈች አንዷ ናት፣ እሷም ታስራ ነው!»

አባዬ እስክሪብቶ አቀበላት። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፣ አማካሪ መሐንዲስ በሚለው ቦታ።» ፈረመች! ሳቂታ ተጠባባቂ ሆና ነው ያለፈችው፤ የሰውነቷ ክፍል ሁሉ እያመማት ልትስቅ ስትሞክር አባዬ ሁለተኛውን እንቁላል ሰጣትና «አንቺ ሰኞ ትሞያለሽ» አላት።

እና አሁን ሶፋው ላይ ነኝ። ቴፑ እንደገና ተዘርግቷል፣ ማልያዬን ግን ለብሻለሁ፣ አላወልቀውም። ከአጠገቤ ደግሞ ፎጣ እግሩ ላይ ጠቅልሎ፣ አፉ በዳቦ ተሞልቶ የተጋደመ ሌላ ሰው አለ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ሠርቶ መጣ፤ ደረጃውን የወጣው በእጁ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል።

ቆርቆሮው ላይ ያለው አንገት የሌለው ሰውዬ በተከፈተው መኝታ ቤት በር በኩል ከቁም ሳጥኑ ላይ ያየናል። ወተቱ ከቴፑ ውጪ ነው ያለው፣ አንዳችንም መነሳት አልቻልንም።

«እማዬዬዬ!»