ማንም ያልዘራው ሰሊጥ

የተናኘ ባል ደሴ ለሰሊጥ አረም ብሎ ወደ መተማ ከወረደ አራት ክረምት አለፈ። አብረውት የሄዱት ተመልሰዋል፤ እሱ ግን ድምፁ ጠፋ። ሞተ ያለም፣ አለ ያለም የለም። ተናኘ መርዶ ስላልተነገራት ከል አልለበሰችም፤ አለቀሰች ማለትም አይቻልም። መሬቷን፣ ከአርብ ገበያ በታች ቆላው ወደ በሽሎ ወንዝ በሚቆለቆልበት ያለችውን፣ በባሏ ወንድም በዋርሳዋ በፈንታው እያሳረሰች ዝም ብላ ኖረች።

በዚያ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ ዳግማዊት መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ስልኳን ከዝናብ በላስቲክ ጠቅልላ ትይዛለች።

"እትዬ ተናኘ፣ ዘንድሮ ሰሊጡን በመስመር እንዝራው" አለቻት።

"እኛ በትነን ነው የኖርን።"

"ሲበተን አንዱ ጋ ይታፈናል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። በመስመር ከሆነ ዘሩ ይተርፍሻል፣ አረሙም ይቀልልሻል።"

ሁለቱ ችካል ተክለው ገመድ ወጠሩ። ዳግማዊት በመስመርና በመስመር መካከል አርባ ሳንቲሜትር በዘንግ እየለካች፣ ተናኘ ደቃቁን ሰሊጥ ከአሸዋ ጋር ደባልቃ በጣቷ እያንጠባጠበች፣ አፈሩን ስስ አድርጋ እያለበሰች፣ ሲመሻሽ ጨረሱ። የተረፈውን ዘር ተናኘ ቋጥራ ወደ ቤት ወሰደችው።

በሰባተኛው ቀን ስትወርድ ሰሊጧ በቅሏል። መስመሮቹ የተወጠረ ክር ይመስላሉ። ነገር ግን በመስመሮቹ መካከልም በቅሏል፤ ከላይኛው እርከን እስከ ታችኛው፣ ልክ በእጅ እንደተበተነ፣ እንደ ማጭድ እየጎበጠ።

ፈንታውን ጠራችው። "ማነው የበተነብኝ?"

"ማርያምን፣ እኔ እግሬም አልረገጠ" አለና ጎንበስ ብሎ አየ። ቡቃያው በእያንዳንዱ ጉብጠት በግራ በኩል ጥቅጥቅ ብሎ ይጀምርና ወደ ቀኝ እየሳሳ ይሄዳል። ፈንታው ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይሄ የግራ እጅ ብተና ነው" አለ ቀስ ብሎ።

በዚያ አገር በግራ እጁ የሚዘራ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስሙን ሁለቱም አልጠሩትም።

ዳግማዊት መጥታ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። "የአምና ዘር ረግፎ ይሆናል።"

"አምና ማሽላ ነበር" አለች ተናኘ።

ልጅቱ ስልኳን መልሳ በላስቲክ ጠቀለለች። "ለማንኛውም ንቀይው፤ የመስመሩን ይሻማል።"

በሦስተኛው ሳምንት ተናኘ ለመንቀል ወረደች። ቀትር ነበር፤ ወፍ አይንጫጫም፣ ቅጠል አይነቃነቅም። አንዱን ጉብጠት ነቅላ ጨረሰች። ሁለተኛውን ስትጀምር ማጅራቷ ላይ ካፊያ የመሰለ ነገር አረፈባት። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እጇን ሰዳ ዳበሰችና አየችው፤ ደረቅ ነጭ ሰሊጥ ነበር።

ብድግ ብላ ዞረች። ማንም የለም። ከላይኛው እርከን በኩል ግን ድምፅ መጣ። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ የሚበተን ዘር ሽውታ። አንድ እርምጃ፣ ሽውታ። እየቀረበ መጣ፣ በአጠገቧ አለፈ፣ ወደ ወንዙ ወረደ። አንዲት ቡቃያ እንኳ አልተረገጠችም።

"ደሴ?" አለች።

ድምፁ ቆመ። ጥቂት ቆየና እርምጃው እንደገና ቀጠለ፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ተናኘ የቀረውን ሳትነቅል ወደ ቤቷ ሮጠች።

ከዚያ ወዲያ አልነካችውም፤ ነገሩን ስትነግረው ፈንታውም በቀትር እርሻዋ ውስጥ አልገባም አለ። የተበተነው ከመስመሩ ቁመት በልጦ አደገ፣ አበበ፣ ፍሬ የሚቋጥርበትን ቆባ ያዘ። ጥቅምት ላይ ቆባው ሳይፈነዳ ሁለቱን ለየብቻ አጭዳ ነዶውን አቁማ አደረቀችው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሸራ ዘርግታ የመስመሩን ዘቅዝቃ ስትመታው ሰሊጡ እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ያኛውን መታችው፤ ምንም የለም። ቆባውን አንድ በአንድ በጥፍሯ ከፈተችው። ውስጡ ሁሉ የተወለወለ ይመስል ባዶ ነበር።

ባዶውን ቆባ በእፍኟ ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ገብረ ኢየሱስ ሄደች።

"አባቴ፣ ለደሴ ፍትሐት ያድርጉልኝ።"

"መርዶ ሳይመጣ? ሰው በሕይወት ቢኖርስ፣ ልጄ?"

"መርዶውስ መጥቷል" አለችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ቆባውንም በመዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

አንዱን ሰበሩ። ሁለተኛውን ሰበሩ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። አማተቡና፣

"የክርስትና ስሙ ማን ነበር?" አሏት።

"ወልደ ጊዮርጊስ።"

ፍትሐቱ በዚያው ሳምንት ተደረገ። ተናኘ ከል ለበሰች፤ ሰው ሁሉ እንባ ሲያወጣ እሷ ግን አልመጣላትም፣ ዓይኗ ደርቆ ቀረ።

በዓመቱ ደግሞ በመስመር ዘራች። በሰባተኛው ቀን በቀትር ወረደች። መስመሮቹ በቅለዋል፤ በመካከላቸው ያለው አፈር ግን ባዶ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሄዳ አየችው፤ አንዲት ቡቃያ የለም። ያኔ እርከኑ ላይ ቁጭ ብላ፣ "ደሴ፣ ወንድም ጋሻዬ!" እያለች ጮሃ አለቀሰች። በሬ እየነዳ በላይ በኩል ያልፍ የነበረው ፈንታው ሰማት። እርሻዋ ውስጥ በቀትር አልገባም ይል የነበረው ሰውዬ በሬዎቹን ትቶ ወረደ፤ አጠገቧ ተቀምጦም አብሯት አለቀሰ።