የለሰለሰው ቀዳዳ

ከሰመራ የመጣውን ቴስታታ ሁለት ሰው ተሸክሞ አዋሽ፣ መካኒኩ ጁነዲን ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የአማን መኪና የሞተር ክዳን ነው። ተሰንጥቆ ሰመራ ተበየደ፤ አየር የሚያስገቡት ስድስት ቀዳዳዎቹም በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን እንደ አዲስ ተቆረጡ። አማን ከዚህ መኪና ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

ጁነዲን እንደ ልማዱ ትንሿን ጣቱን ከመጀመሪያው ቀዳዳ ከተተ። ውስጡ እንደ እርሻ ትልም መስመር በመስመር ነው። ቸኩለው ሳይጨርሱት ልከውታል አለ በልቡ። ዕድሜውን የፈጀበት ሥራ ነውና መፍጫውን አነሳ፤ በብርጭቆ ወረቀት አስከተለና እንደ መስታወት አለሰለሰው።

ሁለተኛውን ሊጀምር ሲዳስሰው ያው መስመር ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። የቸኮለ ሰው ደግሞ ደጋግሞ አንድ ዓይነት ስህተት አይሠራም። ግራ ገባውና ሰመራ ደወለ።

ስልኩን ያነሳችው ማሽኑን የምታሠራው ፋሪሃ ነበረች። መስመሩ ለአየሩ አገባብ ይጠቅማል ተብሎ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን፣ ቢፈለግ ማሽኑ ራሱ ያለሰልሰው እንደነበር በትሕትና አስረዳችው።

አንዱን ማለስለሱን ነገራት። «ምን ያህል ፋቁት አባባ?»

«በጣቴ ነው የለካሁት።»

ስድስቱም እኩል መስፋት አለባቸው አለችው። ከዚያ ይዞት እንዲመጣ ነገረችው።

ጁነዲን ለአማን ደውሎ ያደረገውን ሳይደብቅ ተናገረ። አማን፣ አንዱ ለስልሶ አምስቱ ሻክረው የሚኖሩበት ቤት የእሱም እንደሆነ ቀለደ። ቀልዱ ግን አልቆየም።

«ጋሼ፣ መኪናዬን ብቻ ያስነሱልኝ።»

ጁነዲን ባዶውን ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ በሚሄድ ተሳቢ ቴስታታውን ጭኖ ሰመራ ገባ። ፋሪሃ ማሽኑ ላይ አሰረችው። ቀጭን የመለኪያ ዘንግ የየቀዳዳውን ግድግዳ እየነካ ወጣ። የለሰለሰው ከሌሎቹ ሰፍቷል። የተፋቀ ብረት አይመለስም፤ ሌሎቹን ግን እሱን እንዲያክሉ ማስፋት ይቻላል አለችው። መቁረጫው እየተጎነበሰ፣ እየዞረ፣ የጁነዲን መፍጫ ደርሶበት ከማያውቀው ጥምዝ ድረስ ገባ። አምስቱን አሰፋ፤ የለሰለሰውንም ከእነሱ ጋር እንዲመሳሰል በስሱ ነካው። የጁነዲን ልስላሴም መስመር በመስመር ሆነ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አበላሽቼው ነበር ወይስ አላበላሸሁትም?»

«አሁን እኩል ናቸው አባባ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ፋሪሃ ስክሪኑን አየች፤ እሱን አየች።

«ስፋቱ የእርስዎ ነው፤ መስመሩ የእኛ። የትኛው እንደሚሻል እኔም አላውቅም።»

ቴስታታውን ወደ አዋሽ በሚመለስ መኪና እያስጫነ ሳለ አማን ደወለ። መዳኑን ሲሰማ አልሐምዱሊላህ አለ። ቀጥሎ ጥፋቱ የማን እንደነበር ጠየቀ።

«ነገ እገጥምልሃለሁ፤ መኪናህ ትነሳለች» አለው ጁነዲን። «የጠየቅኸኝን ግን ለእኔም ሲገባኝ እነግርሃለሁ።»