የአባባ ውሃ

ማንቆርቆሪያው ለምን ቀለለኝ፣ ሞልቼው ነበር እኮ፣ ቀዝቃዛውን ልቀዳ ወደ በርሜሉ ስወጣ እዚሁ ወንበራቸው ሥር አስቀምጬው፣ እንዴት ቀለለ፣ የሳፋው እንፋሎትስ፣ አባባ፣ ምን አደረጉ፣ ምንም፣ ትንሽ አጠነከርኩት ይላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ጠበል ሥር የቆሙ ይመስል፣ ቀኙ እግራቸው ካልሲውን እንዳደረገ ወለሉ ላይ ነው፣ ሳፋው ውስጥ ያለው ግራው ነው። ግራው። ስትሮኩ ያደነዘዘው፣ በመርፌ ሲነኩት የማይሰማው።

እግሩን አውጪው፣ እላለሁ ለራሴ። ቶሎ። ቀልቷል፣ እግዚኦ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቷል።

ሶፍያ ስንት ጊዜ ነገረችኝ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ስሚኝ ገሊላ፣ የደነዘዘውን እግር የሚያነቃው ውሃም እንደ ክኒን መጠን አለው፣ ወላሂ እሳቸውን በቃ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂ፣ በክርንሽ ለኪው፣ ከበዛባቸው ሙቀቱን ቀንሺ፣ ቆይታውን አሳጥሪ፣ ሲለምዱት ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ ለብ ካለው ወደ ቀዝቃዛው ስታዞሪም መጀመሪያ ልዩነቱን ጠበብ አድርጊው። እሺ አልኩ። ለእሳቸው ማን ይንገርልኝ፣ ልጅ ሆኜ ጠበል ሥር ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ቻይው ይሉኝ ነበር፣ የሸሸ አይድንም፣ ለብ ያለ ውሃማ ለእሳቸው የሕፃን ገላ መታጠቢያ ነው፣ ዛሬም ጠዋት እንደዚያ ብለው አሹፈውብኛል፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሳቅኩና የፈላውን አጠገባቸው ትቼ ወጣሁ፣ ምን ዓይነት ደደብ ነኝ።

ከበርሜሉ የቀዳሁት በጆግ አለ፣ አፍስሺው፣ አትድፊው፣ ቀስ ብሎ ይውረድ። ውሃ ከተቋረጠ ሰነበተ፣ በርሜሉ ሊጎድል ነው፣ ይጉደል፣ ካለቀ ከጎረቤት እለምናለሁ፣ የፈላና በርን ሰፈር በሙሉ እዞራለሁ። ቆዳው ከተላጠ ግን መርገጥ የለም፣ ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ፣ ለፋሲካ መድኃኔዓለም በእግሬ እሄዳለሁ ብለው ለነፍስ አባታቸው ሳይቀር ተናግረዋል፣ ያን የተናገሩ ቀን ነው ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጢማቸውን የተላጩት።

ሁለተኛ ጆግ። ሦስተኛ። ውሃ አልጠነከረም ብለው ነው፣ የሚጠነክረው እኮ እኔ እየለካሁ ቀስ በቀስ ነው አባባ፣ አይሰሙኝም፣ ይጸልያሉ።

በቃሽ ይላሉ።

አይበቃም።

በረደኝ እኮ ገሊላ።

እሳቸው። በረደኝ። ታኅሣሥ ቁር ላይ በቀጭን ሸሚዝ የሚወጡት ሰውዬ። የቱ ጋ አባባ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኛል፣ ተቆጥተዋል፣ የቱ ጋ ትለኛለች፣ የምታፈሺበት ላይ ነዋ፣ አውራ ጣቴ ላይ። የግራው። ጆጉን ወደ አውራ ጣቱ አስጠጋዋለሁ፣ ማፍሰሴን አልተውም፣ ይብረድዎት፣ አባቴ፣ ይብረድዎት።