ለገላዋ የሚቀርበው ጨርቅ

«እሱን ከውጭ አድርጉት፤ የሱቅ ቀለም ነው» አለች ኮንጋ፣ አንድ ለቀስተኛ ያመጣውን ጨርቅ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

ጎረቤቷ አሮጊቷ አፑ ሃዳ ጨርቁን ተቀብላ አጣጠፈችና ክምሩ ላይ ጣለችው።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ አፍሽን ብትሰበስቢው ምናለ? ሰውዬው እኮ ወንዝ ተሻግሮ ነው የመጣው።»

«ወንዝ መሻገሩ ቀለሙን አያሳምረውም።»

የኮንጋ ታላቅ እህት ሊካ ከሞተች አራተኛ ቀኗ ነበር። በኮረብታው ወግ ጉልበቷን አጥፋ፣ ከቤቱ ቀኝ ግድግዳ ተደግፋ፣ በአንድ አሮጌ ጨርቅ ተሸፍና ተቀምጣለች። የሚጠበቀው ለቀብሯ የሚታረደው ጎሽ ነው። የወንድማቸው የኡምቡ ንዳዋ አማቾች ከባሕሩ ዳር እየነዱት ነበር። ጎሹ ሲደርስ እሷ ትጠቀለላለች፤ ከዚያ በመንደሩ መካከል ከተደረደሩት የድንጋይ መቃብሮች የአባቷ ይከፈታል። እስከዚያ ለቀስተኛው ጨርቁን ይዞ ይመጣል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ሲሪ የሚባለውን ቅጠል ከኖራው ጋር ያኝካል፣ በቀላ አፉም ስለ ሊካ ያወራል።

ጨርቁ ሁሉ ሟች ላይ ይደረባል። ደረጃው ግን አንድ አይደለም። ከላይ የሚጠመጠመው ለሰው ዓይን ነው። ለገላዋ የሚቀርበው ግን ለአባቶች ነው፤ ሟች እነሱ ዘንድ ስትደርስ ፊቷን አያዩም፣ ያን ጨርቅ አይተው የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ። የሚመርጠውም ለሟች የቅርብ የሆነች ሴት ናት። ለሊካ የቅርቧ፣ ታናሽ እህቷ ኮንጋ ነበረች።

«የሷ እጅ እኮ የሰው እጅ አልነበረም» ይላል አንዱ ከበረንዳው። «የሸመነቻቸውን አጋዘኖች ያየ ሰው ሣር ስጣቸው ስጣቸው ይለዋል።»

«የኔ ፈረስ የሷን ጨርቅ አይቶ አሽካክቷል» ይላል ሌላው።

«አንተ ደግሞ! ፈረስህ ዓይኑ ከታወረ ስንት ዓመቱ!»

ይሳቃል። ኮንጋ ስኒዎቹን ሞልታ ታዞራለች። አሥራ አራት ቤት ባለበት፣ አንዱ ጫፍ ሲያስነጥስ ሌላው ጫፍ «ይማርህ» በሚልበት መንደር፣ በአራት ቀን ውስጥ ስለ ሰማያዊው ቀለም አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አጋዘኖቹ የቆሙበት ሰማያዊ ከሰማይ የወረደ ይመስል።

ሰማያዊው የኮንጋ ነበር።

እናታቸው በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ሁለቱን ጠርታ ያላትን አካፍላለች። በቀጫጭን እንጨትና በክር የተያዙትን የጥለት ናሙናዎች፣ ከቅድመ አያት የመጡትን፣ ለሊካ ሰጠች። ለኮንጋ የቀለሙን ጋን። «ለሷ አጋዘኑን፣ ለኔ ግማቱን» ትል ነበር ኮንጋ። ውሸት አልነበረም። ሰማያዊው ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲቦካ የሞተ ነገር ይሸታል፤ ወንዶች ጋኑ ወዳለበት አጥር አይደርሱም። ኮንጋ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ሆኖ ነው ያደገችው። ስታገባ አማቷ የመጀመሪያውን ምግብ ከማቅመሷ በፊት «እጅሽን ታጥበሻል?» አለቻት። ባሏ በወባ ሲሞትባት ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ጋኑ እዚያው ይጠብቃት ነበር። ሊካ ግን ከቤት ወጥታ አታውቅም። አባታቸው እጇን የጠየቀውን ሁሉ «ይሄ እጅ ሌላ ሥራ አለው» እያለ መልሷል።

አንድ ጊዜ ከዴንፓሳር ከተማ አንድ ሰው ካሜራ ይዞ መጣ። ሊካን ከጨርቆቿ ፊት አስቀመጣት፤ አገጭዎን ቀና፣ እጅዎን እንዲህ እያለ አስተካከላት። ኮንጋ ከጎኗ ቆማ ነበር፤ ቀድማ ፀጉሯን በቅባት አበጥራ፣ አዲስ ልብስ ለብሳ።

«እናት፣ እርስዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አላት ሰውዬው። «ጥላ እየጣሉብኝ ነው።»

ፈቀቅ አለች። በሰውየው አልተቀየመችም፤ ምን ያውቃል? ሊካን ነው ያየቻት። ሊካ አንዲት ቃል መናገር ትችል ነበር፤ «እህቴ ናት፣ ቀለሙ የሷ ነው» ማለት። ሊካ አገጯን ቀና አድርጋ ካሜራውን ተመለከተች። ያ ፎቶ አሁን ግድግዳው ላይ፣ ከሟች ራስ በላይ ተሰቅሏል። ከዳር አንድ ሰማያዊ ጣት ይታያል፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ምቢቱ መጣች። ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ናት፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ። ላለፈው አንድ ዓመት በሞተር ሳይክል ኮረብታውን እየወጣች ሊካ ዘንድ ስትማር የኖረች ልጅ ናት። ሊካ ስትሞትም ከአጠገቧ የነበረችው እሷ ነበረች። ከዚያ ዕለት ወዲህ ቤቷ ገብታ አልወጣችም ተብሎ ነበር፤ አሁን ጨርቅ በእጇ ይዛ፣ ዓይኗ አብጦ በሩ ላይ ቆመች።

አፑ ሃዳ ጨርቁን ተቀብላ ዘረጋችው። ሁለት አጋዘኖች ጨርቁ ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ቀንዳቸው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ፣ አንገታቸው ድምፅ ሰምቶ እንደ ደነገጠ ቀጥ ብሎ።

«ሊካ ተነሥታ የሠራችው ይመስላል!» አለች አፑ ሃዳ። «አለቀ። ለገላዋ ይሄ ነው።»

ለቀስተኛው ሁሉ ተስማማ፤ አዎ፣ ይሄ ነው፣ ሌላ ምን አለ።

ኮንጋ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዘችው። «ቀለሙ የሱቅ ነው» አለች። «ከውጭ።»

«ኮንጋ!»

«ከውጭ አልኩ!»

ምቢቱ አንገቷን ደፋች። ኡምቡ ንዳዋ ከበረንዳው ብቅ ብሎ «እትዬ ኮንጋ፣ ሰው እየሰማ ነው» አላት በለሆሳስ። «ነገ ማታ ጎሹ ይደርሳል፣ ከነገ ወዲያ ትጠቀለላለች። አጋዘን ያለው ሌላ ጨርቅ የለንም፤ የሷን ሁሉ ሸጠነዋል። እስቲ የተሻለ ካለሽ አምጪ።»

ኮንጋ ዓይኗን ወደ ጓዳው መለሰች። አጋዘን ያለው ጨርቅ ነበራት፤ የተሻለ ግን አልነበረም።

ያን የአጋዘን ጥለት በአሥራ አምስት ዓመቷ ነበር ሊካን የለመነቻት። «አንቺ ጋንሽን ጠብቂ» አለቻት ሊካ፣ ቀና ብላ ሳታያት። ከዚያ ወዲህ ለአርባ ሦስት ዓመት አልጠየቀችም። ባለፈው ዓመት ግን ይህችን ምቢቱ የምትባል፣ የክርና የጅራፍ ልዩነት የማታውቅ የባዕድ ልጅ፣ ሊካ ከጎኗ አስቀምጣ ናሙናውን በእጇ ስታስይዛት ኮንጋ ከጓሮ በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ሊካ በሳል አልጋ ላይ ስትውል ኮንጋ ናሙናውን ከሣጥን ሰረቀች። ከጋኑ አጥር ጀርባ ተደብቃ፣ ቀለም በማይነካው ቦታ ድሩን ራሷ ቋጥራ፣ ራሷ ነክራ፣ ራሷ ፈትታ፣ ራሷ ሸመነች። ሰማያዊው እንደዚያ ወጥቶ አያውቅም፤ ሊነጋ ሲል ያለውን ባሕር ይመስል ነበር። አጋዘኖቹ ግን እግራቸው አጠረ። ቀንዳቸው ጆሮ ሆኖ ቀረ።

ቢሆንም ይዛው ገባች። ሊካ በክንዷ ተደግፋ ተነሣች፤ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው።

«የማን ውሾች ናቸው?» አለች።

ከዚያም ሳቀች። ሳል እስኪይዛት፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኮንጋ ጨርቋን አጣጥፋ ወጣች። ሁለት ቀን ያንን ክፍል አልረገጠችም፤ ምግቡን በኡምቡ ንዳዋ ሚስት ትልክ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጋኑን እያማሰለች ሳለ፣ የምቢቱን ጩኸት ሰማች።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኮንጋ ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች። ምቢቱ ከኋላዋ ተከተለቻት።

«ራምቡ ኮንጋ» አለች በአክብሮት መጠሪያዋ፣ «እኔ ልያዝልዎት።»

«እጅ አለኝ።»

ጀሪካኑን ከምንጩ አፍ ሥር አደረገችው። ከዚያ ኮንጋ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሣ ጠየቀች። ስድስት ቀን ሙሉ ምላሷ ላይ የነበረውን ነው የጠየቀችው።

«ያን ጠዋት ምን አለች?»

«ውሃ አሉ፣ ሰጠኋቸው። ከዚያ መስኮቱን ክፈቺ አሉ።»

«ሌላስ?»

«‹ያቺ ኩርፊያዋ አልወጣላትም?› አሉ። ልጥራቸው ወይ አልኳቸው። ‹ተያት፣ ሲላት ትመጣለች› አሉኝ። እንደሚሞቱ አላወቁም ራምቡ። እኔም አላወቅኩም።»

ኮንጋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል።

«አንድ ቀን ሰማያዊውን አስተምሩኝ ብያቸው ነበር» አለች ምቢቱ። «አላውቀውም አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ‹ምን ያስቅሻል? በዕድሜዬ አንድ ክር ነክሬ አላውቅም። አጋዘን ማንም ይማረዋል፣ አንቺም ይኸው ተማርሽው። ያን ሰማያዊ ግን ከሷ በቀር ከባሕር እስከ ባሕር የሚያወጣው የለም› አሉኝ።»

«እንዲህ አለች? ሊካ?»

«ለርስዎ ነግረውዎት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ተቆጡኝ። ‹አብደሻል? ለዚህ አይደል አጋዘኑን የከለከልኳት? ጋኑም ጥለቱም ካላት ጥላኝ ትሄዳለች። እኔ ያለ ጋኗ ምንድን ነኝ?› አሉ።»

ኮንጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷን ቀጥ ብላ አየቻት፤ ያየቻትም በፍቅር አልነበረም። አርባ ሦስት ዓመት የተጠማችው ቃል ይኸው ነበረ፤ እሱም ተቀድቶ የባዕድ ልጅ ጆሮ ውስጥ ፈሷል። የመጨረሻውን ቃል ይህች ሰማች። የመጨረሻውን ውሃ ይህች አጠጣች። ምስጋናውንም፣ የኮንጋን ምስጋና፣ ይህችው ወሰደችው።

«ሌባ!» አለች ድንገት፣ ድምፅዋ ገደሉን እስኪመታ።

«እኔ?» አለች ምቢቱ ደንግጣ።

«አንቺማ ምን ታውቂያለሽ።» ኮንጋ ወደ ኮረብታው ጫፍ፣ ሊካ ወዳለችበት ወደ ረጃጅሞቹ የሣር ጣሪያዎች አንጋጠጠች። «ሌባ! ቀናተኛ! እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ!»

ተነሥታ ጀሪካኑን ተሸከመች። ምቢቱ ከኋላዋ፣ በፈራ ድምፅ፣ «ራምቡ፣ ሰማያዊውን እንግዲህ…» ስትል፣ «አላስተምርሽም» ብላ ቆረጠቻት። ዐሥር እርምጃ ያህል ወጡ። «ዘንድሮ አላስተምርሽም» አለች ኮንጋ፣ ዞር ሳትል።

ጎሹ በሰዓቱ ደረሰ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ወንዶቹ የናሱን ደወል እየመቱ መቃብሩን ሊከፍቱ ሲወጡ፣ ሴቶቹ በሩን ዘግተው ሊካን ከበቡ። አሮጌው ጨርቅ ተነሣ። አፑ ሃዳ የምቢቱን አጋዘኖች በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች፤ ኮንጋ ብትገድላትም ላታስረክብ የቆረጠች ይመስል።

ኮንጋ ወደ ጓዳ ገብታ የራሷን ይዛ መጣች። ዘረጋችው።

በመጀመሪያ ስለ ሰማያዊው ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ቀጥሎ ወደ ጥለቱ ቀረቡ።

«ይሄ…» አለች የኡምቡ ንዳዋ ሚስት፣ አንገቷን አዘንብላ፣ «ውሻ ነው?»

«አዎ፣ ውሻ ነው። ስም ያወጣችላቸው ሟች ራሷ ናት።»

«ወይ ጉድ!» አፑ ሃዳ እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ሊወድቅ ደረሰ። «የአገሩ አንደኛ ሸማኔ፣ ውሻ ለብሳ አባቶች ፊት ልትቀርብ? ይሳቁባት ነው የምትዪው?»

«ይሳቁባት!» አለች ኮንጋ። «እኔ ላይ አልሳቀችም? ይሳቁና፣ ስቀው ሲያበቁ ሰማያዊውን ያያሉ። ‹ይሄን የሠራው ማነው?› ይሏታል። ያኔ ስሜን ትጠራለች። ወዳ አይደለም፣ ተገዳ! እነሱ ፊት ዝም ማለት አይቻልም።»

አፑ ሃዳ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁም መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባትና በእጅጌዋ አፏን ሸፈነች። «ተሸከፊ እንግዲህ፣ ሊካዬ» አለች። «እህትሽ ፈርዳብሻለች።»

ኮንጋ ራሷ አለበሰቻት። በጀርባዋ አዙራ፣ በታጠፉት ጉልበቶቿ ላይ አሳልፋ፣ ጫፉን ደረቷ ላይ አጠበቀችው። «ያንቺ ቀጥሎ ይሁን» አለቻት ምቢቱን፣ ሳታያት። «ለብቻዋ በውሻ ብቻ አትሂድ።»

ምቢቱ ጨርቋን ከአፑ ሃዳ ተቀብላ ቀረበች። ኮንጋ ግን እጇን አንሥታ አስቆመቻት። በሊካ ግራ ትከሻ ላይ አንዲት ክር ተመዝዛ ወጥታ ነበር። ቢላ ለመጠየቅ ዞር አለች፣ ተወችው። ጎንበስ ብላ ክሯን በጥርሷ በጠሰቻት።

ክሯ ተበጥሳለች። ኮንጋ ግን ቀና አላለችም፤ አፏን እህቷ ትከሻ ላይ እንደ ጣለች ቀረች። ውጭ ወንዶቹ «ተከፍቷል!» እያሉ ይጣራሉ። ምቢቱ ጨርቁን እንደ ዘረጋች፣ ክንዷ እየዛለ፣ ቆማ ጠበቀቻት።