በአባቴ ቅጠል ላይ የጠፋችው ነጥብ

የአባቴን ቅጠል የመረመርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይመርምረው ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን ለማን ልተወው? በምሠራበት ቤተ ሙከራ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም በአንድ ቅጠል ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች መለየት፣ የእኔ ሥራ ነው፣ ጥሩ አድርጌም እሠራዋለሁ፤ ይህን ስል አላፍርም። ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም። ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገብቼ፣ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ መጽሐፋቸውን እያገላበጥኩ፣ የጣሉትን ስብርባሪ እያነሳሁ ስሞክር ነው የለመድኩት።

ሥራው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ቅጠሉ ተወቅጦ በአልኮል ይዘፈዘፋል። ከጭማቂው አንዲት ጠብታ፣ ነጭ ዱቄት በተለበጠ ጠባብ መስታወት ግርጌ ላይ ትደረጋለች፤ መስታወቱም ትንሽ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይቆማል። ፈሳሹ ሽቅብ ሲሳብ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። አንዱ ገና ከመነሻው ይደክመዋል፣ ሌላው ጫፍ ድረስ ይዘልቃል። በመጨረሻ እያንዳንዱ አቅሙን በጨረሰበት ቦታ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

አባቴ መድኃኒተኛ ነው። አስም ለያዘው የሚሰጠው አንድ ቅጠል አለው። አምና ያመጣልን ቅጠል በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ከሁሉ በላይ ደማቅ ሰማያዊ ነጥብ ነበረው፤ የታፈነ ደረት የሚከፍተውም እሱ መሆኑ ተረጋገጠ። አለቃዬ መድኃኒቱ በአባቴ ስም እንዲመዘገብ ወሰነች። የቀረው ነገር ዘንድሮ የለቀመው ከአምናው ጋር አንድ መሆኑን ማሳየት ብቻ ነበር። አባቴ ለምዝገባው ቀን ብሎ ኮቱን አስተኩሶ ሰቅሏል።

ሁለቱን በአንድ መስታወት ላይ ጎን ለጎን አወጣኋቸው። በአምናው መስመር ሰማያዊዋ ነጥብ ቦታዋ ላይ ናት። በዘንድሮው መስመር ቦታው ባዶ ነው። ደገምኩት። ብልቃጡን አጥቤ፣ ፈሳሹን ለውጬ ሰለስኩት። ባዶ።

አለቃዬ ከትከሻዬ በላይ አየችና በረጅሙ ተነፈሰች። እነዚህ ሽማግሌዎች ስማቸው ሲገን ሣር መቀላቀል ይጀምራሉ፣ አዲስ ነገር አይደለም አለችኝ። አባቴ እኮ ነው አልኳት። እንደሆነ ታውቃለች። እንግዲያው ራስሽ ጠይቂው፣ አጭበርብሮ ከሆነም የሰጠውን ከበሽተኞቹ እጅ ይሰብስብ አለች። ጋዋኔን አውልቄ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ያረረ ወተት ሸተተኝ። አባቴ ከምድጃው ሁለት ክንድ በማይርቅ ወንበር ላይ፣ ጀርባውን ለድስቱ ሰጥቶ ቅጠል ይለያል። እሳቱን አጥፍቼ መስኮት ስከፍት ብርድ አስገባሽብኝ ብሎ ተቆጣ። ከዚያ አንድ ቅጠል በሁለት ጣቱ አሸ፤ እንደ ሁልጊዜው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ራሱን ነቀነቀና ወደ ጥሩው ክምር ጣለው።

አንስቼ አሸተትኩት። እርጥብ ሣር ነው የሚሸተው። የእሱ ቅጠል ሲታሽ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ከጎኑ ከሚበቅለው አረም የሚለየውም በዚህ ብቻ ነው። መልካቸው፣ ጠርዛቸው፣ ጸጉራቸው ሳይቀር አንድ ነው። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው።

«አባዬ፣ ወተቱ አርሯል» አልኩት።

«አውቃለሁ፤ ላጠፋው ስል ነው የመጣሽው።»

የጠቆረውን ድስት አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። ብዙ አየው።

ክረምት ላይ ጉንፋን የጣለው ጊዜ ነው አለ በመጨረሻ። አፍንጫው ተዘጋ፤ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል ብሎ ጠበቀ። ሽንኩርት አሸተተ፣ ነጭ ጋዝ አሸተተ፣ የራሱን ካልሲ ሳይቀር አሸተተ። ካልሲው ላይ ልስቅ ነበር፤ እሱም ሊስቅ ነበር፤ ለሁለታችንም አልሆነልን። ከዚያ ወዲህ በዓይኑ ነው የሚለቅመው።

የመስታወቱን ነገር ነገርኩት። ለአለቃዬ ሆን ብሎ ቀላቅሏል ብዬ እንድነግራት ለመነኝ። «አጭበርባሪ ይበሉኝ፤ አጭበርባሪ ንስሐ ይገባል። አፍንጫ የሌለው መድኃኒተኛ ግን ምን ይሆናል?»

ምላሴ ርኅራኄ የለውም። «ልብስ ሰፊዋስ?» አልኩት።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር ደረቷ የታመመ ሴት ናት። ሰሞኑን ትንፋሽ እያጠራት ተቀምጣ እንደምታነጋ ስትነግረው መጠኑን ጨምሮላት ነበር። ሣሩን ጨመረላት ማለት ነው።

አባቴ ጫማውን ፈልጎ አጠለቀና ቀድሞኝ ወረደ።

በሯን ከፍታ ስታየው እጅ ነሳች። የሰጠሁሽን ቅጠል መልሺልኝ አላት። የቀለደ መስሏት ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባትና እስኪያልፍላት የስፌት መኪናዋን ተደግፋ ቆየች። የእርስዎ እጅ አይደል እንዴ ያቆመኝ፣ ምን ነካዎት አለችው።

«አፍንጫዬ ሞቷል፣ ልጄ» አላት። «ከክረምት ወዲህ የሰጠሁሽ ሣር ነው።»

ወደ እኔ ዞረች። እውነት ነው፣ እትዬ፣ አባዬን አስገብቼ እመለሳለሁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኳት።

እርግማን ጠብቄ ነበር። አባቴም አንገቱን ደፍቶ የሚጠብቀው እሱን ይመስለኛል፤ ብትረግመው በወጣለት። እሷ ግን ፌስታሉን ከመደርደሪያው አውርዳ አስጨበጠችው።

«እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ዕድሜ ነው» አለችው። ከዚያ አልሰማኝም ብላ ነው መሰል ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን እያረዘመች፣ «ዕድሜ ነው፣ አባባ! ይቀመጡ፣ ውሃ ልስጥዎት?»

ጆሮው ደህና ነው ልላት ፈለግኩ። ይልቅስ እግዜር ይስጥልኝ ብያት ወደ ደረጃው ዞርኩ።

ስንወጣ እስከ ደረጃው ተከተለችን። ቀስ ይበሉ፣ አባባ፣ እግርዎን ይዩ እያለች ከበስተኋላችን ትጮሃለች። አባቴ ያንን ደረጃ መብራት በሌለበት እየሮጠ የሚወጣ ሰው ነው። ከወዲያ ሌላ በር ተከፍቶ ጎረቤት አንገቱን ብቅ አደረገ፣ ሽማግሌው ምን ሆኑ ሲልም እኔን ጠየቀኝ።

አባቴ ፌስታሉን ወደ ሌላው እጁ አዛወረና ክንዴን ያዘ።