ተለዋጭ ማደሪያ

ባሌ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው የምግብ ጠረጴዛችንን ካርታ ወረሰው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ ተማሪዎቹ «ካርታው» ይሉታል፣ እሱም ስሙን ወዶታል። ሐይቃችን ከነደሴቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ በአራቱ ማዕዘን የጨው ዕቃ፣ የማንኪያ ማስቀመጫ፣ የኔ የጨርቅ መቀስና አንድ ድንች ተጭነውበታል። ዕቅዱ ስምንት ቀንና ሰባት ሌሊት ነው። እሱና እኔ ብቻችንን፣ ገና ውኃ ባልነካች ባለ ሸራ ጀልባ፣ ከደሴት ደሴት እየተዘዋወርን ልናድር።

እኔ ውኃ እፈራለሁ።

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ውኃ የወሰደብኝ ዘመድ የለም፤ በልጅነቴም ሰጥሜ አላውቅም። ምክንያት ቢኖረው ኖሮ ለመናገርም ባላሳፈረኝ። ዝም ብሎ ከእግሬ ሥር መሬት የለም ብዬ ማሰብ አልችልም። በሰፈሩ ደግሞ እሳት የላሰች የምባል ሴት ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንድ ቀን የመስፊያ ክፍሌ የገባ ሌባ በጋለ ካውያ እስከ አስፋልቱ ድረስ አባርሬ፣ ወሬው እስከ ዛሬ አልበረደም። ይህቺው ሴት ጀልባ ትፈራለች ቢባል ማን ያምናል? እኔም ማንም እንዲያምን አልፈለግሁም።

በተጋባን ሰሞን ሐይቁ ላይ እንዝናና ብሎ ሲጠራኝ «የሙሽራ ልብስ ደርሶብኛል» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ጀልባ በተነሣ ቁጥር የሆነች ሙሽራ ትደርስልኛለች። እሱ አንዴ ከጓደኞቹ፣ አንዴ ከልጃችን ጋር ይሄዳል፤ እኔ ዳር ቆሜ እጄን አወዛውዝና ቤቴ ገብቼ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ።

ጀልባዋን ከጎረቤታችን ከአናጢው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ሠሯት። እኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ሸራውን አንቺ ስፊልኝ ሲለኝ ነው የነቃሁት። ልብስ ሰፊ ሆኜ አልችልም አልል ነገር። ሰው በገዛ እጁ መቃብሩን ቆፈረ ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ በገዛ እጄ ሰፋሁት፣ ያውም በድርብ ስፌት። ስጨርስ አናጢው ጠርዙን እየጎተተ ፈተነና «እትዬ፣ ይኼ እኮ ውቅያኖስ ያሻግራል» አለኝ። እሱ ማመስገኑ ነው።

ባሌ ያለ ሠንጠረዥ አይንቀሳቀስም። ለያንዳንዱ ሌሊት አንድ ረድፍ አለው፤ በረድፉ ውስጥ ማደሪያው፣ የውኃው ጥልቀት፣ የገመዱ ርዝመት፣ መጨረሻ ላይ ተለዋጭ ማደሪያ። ማታ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ መልሕቅ ጥለሽ ትተኛለሽ፣ ነፋሱ ይዞርና ጎሕ ሲቀድ ማዕበሉ በዚያው በኩል ይመጣል፤ የምትሸሺበትን ቀድመሽ ካላወቅሽ አለቀልሽ አለኝ። ለእኔ ይህን ማስረዳቱ ሊያደፋፍረኝ ነበር። «ተለዋጭ የሌለው ዕቅድ ምኞት ነው» ማለት ይወዳል፤ ተማሪዎቹም ይህን ሳይሰሙ ያለፉ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የሩቁን ደሴት አስወጣሁት። ለወገቤ አይሆንም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ አልችልም አልኩ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የምውል ሴት መሆኔን ሳያነሣ በላጲስ አጠፋው፣ ብናኙንም እፍ አለ። በሳምንቱ መንትዮች የሚላቸውን ሁለቱን ደሴቶች ትንኝ ይበዛባቸዋል ብዬ አሰረዝኩ። ቀጥሎ ጎባጣውን ደሴት፣ የወፍ ኩስ ይሸታል ብዬ። ስምንቱ ቀን አምስት፣ አምስቱ ሦስት ሆነ። ባጠፋ ቁጥር ወረቀቱ እየሳሳ እሱም እየከሳ የሄደ መሰለኝ። ግን አላቆምኩም። የመጨረሻዋን፣ ከቤታችን ደጃፍ የምትታየውን ትንሿን ደሴት፣ እባብ አለባት ተብሎ ሰምቻለሁ ስል እርሳሱን አስቀመጠ።

«ከእኔ ጋር ብቻሽን መሆን ከከበደሽ ንገሪኝ» አለ። «አልቆጣም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ሠላሳ ዓመት ለተማሪ በሚናገርበት ድምፅ አልነበረም ያለው። ነገሩ ገባኝ፤ እኔ ደሴቶቹን የሰረዝኩ መስሎኝ እሱ ራሱ የተሰረዘ ሲመስለው ነው የከረመው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እኔ ደግሞ እውነት ሲጠፋኝ ቁጣ አያጣኝም። ሙሽሮቼን ማን ይስፋላቸው ብዬ ጮህኩና የልክ መጻፊያ ደብተሮቼን ከመደርደሪያው አውርጄ ካርታው ላይ ወረወርኩ። «ያውልህ፣ ባዶ ሳምንት ካገኘህ ውሰደኝ» አልኩት። ድንቹ ተንከባሎ ወደቀ።

ደብተሮቹን ሰብስቦ መኝታ ቤት ገባ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድ፤ ምን ይገባዋል ብዬ ናቅሁት። ከያንዳንዱ ልክ ራስጌ ቀን እንደምጽፍ ረስቼው ነበር።

ሦስት ቀን ከጨው አቀብይኝ በቀር ቃል አልተናገረም። እኔም ሰው ልክ ሊያስለካ ሲመጣ እየሣቅሁ፣ ሲወጣ መርፌ እየሰበርኩ ዋልኩ። ባሌን የሚያህል ሰው የማትፈልገኝ ሚስት አለችኝ ብሎ እያሰበ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? በአራተኛው ቀን ጭራሽ ጥሩውን ሸሚዙን እስከ ደረቱ አርሶ መጣ። በዚህ ዕድሜህ ውኃ ውስጥ ትወድቃለህ እንዴ ብዬ ሸሚዙን እየጨመቅሁ እንደ ልጅ ተቆጣሁት። ሸሚዙ ላይ፣ ልክ እርጥቡ መስመር ጋ፣ የኔ ጠመኔ ምልክት ነበረበት። ከመስፊያ ክፍሌ ማን አንሣ አለህ ብዬ ለዚያም ጨመርኩለት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። ካርታው ተጠቅልሎ ተነሥቷል። ጠረጴዛው ላይ ደብተሮቼ፣ አጠገባቸው የእሱ የጉዞ ማስታወሻ፣ ከዚያ ሠንጠረዥ የተሠራበት አዲስ ወረቀት። ወንበሩ ላይ ገመድ ያለበት ከረጢት። በሃያ ስምንት ዓመት ወደ ሐይቁ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እንደጠራኝና አሥራ ዘጠኝ ሙሽራ እንደደረሰችብኝ፣ በየብስ ሲጠራኝ ግን አንድም እንዳልደረሰችብኝ ነገረኝ። በደብተሮቼ ግን በነዚያ ሳምንታት ልካቸው የተጻፈ ሙሽሮች ሁለት ብቻ ናቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ደርሶ በራሴ እጅ ጽሑፍ ጠራብኝ።

«ሌሎቹ አሥራ ሰባት ራቁታቸውን ነው የተዳሩት?» አለኝ።

ልሥቅ ብዬ አልቻልኩም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። የመጀመሪያው ረድፍ በዚያ ጥንቅቅ ባለ የመምህር ጽሑፉ ተሞልቷል። የመጀመሪያ ሌሊት። ማደሪያ፤ የኛው የጀልባ ማሰሪያ፣ ጀልባዋን ከዳሩ ሳንቃ ሳንፈታ። የገመድ ርዝመት፤ አምስት ክንድ። የውኃው ጥልቀት፤ እስከ ደረትሽ፣ ቆሜ ለክቼዋለሁ፣ ታችው ጠንካራ አሸዋ ነው። ተለዋጭ ማደሪያ፤ አልጋችን፣ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ።

ሸሚዙ ትዝ አለኝ። የኔ ደረት የት ጋ እንደሚውል በራሱ ሸሚዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ልብሱን ሳያወልቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ እኔ የምቆምበትን መሬት በእግሩ ሲፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ጠመኔ ሰደብኩት።

«ውኃ እፈራለሁ» አልኩ። ሃያ ስምንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ አረፈው።

«የምትሸሺው እኔን መስሎኝ ነበር» አለ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

አለቀስኩ። እሳት የላሰችው ሴት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ሰፈሩ አልሰማም። ሳበቃ ዝም ብሎ ለመቀመጥ እጄ እምቢ አለኝና ገመዱን ከከረጢቱ አወጣሁ። አምስት ክንዱ ላይ የክር ምልክት ታስሮበታል። በማን ክንድ ለካኸው ብለው በኔ አለኝ። እኔ በሌላ ሰው ልክ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ እያደረግሁ እንደገና ለካሁት፤ ስድስት ሊሞላ ሦስት ጣት ቀረው። ክሩን ፈትቼ ሦስት ጣት ጨመርኩና በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት። ወረቀቱ ላይም አምስቱን አጥፍቼ ስድስት ጻፍኩ።

የሁለተኛው ሌሊት ረድፍ ባዶ ነበር። ይኼስ ብዬ ጠየቅሁት፤ እሱን አንቺ ነሽ የምትሞዪው፣ ባዶም ሆኖ ቢቀር ግድ የለም አለኝ። ከልቡ እንደሆነ ከዓይኑ አየሁ።

ላጲሱን ከፊቱ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ እርሳሱን ተቀብዬ፣ በሁለተኛው ሌሊት የገመድ ርዝመት ሥር፣ በእስክሪብቶ የምጽፍ ያህል ተጭኜ «ሰባት፣ በኔ ክንድ» ብዬ ጻፍኩ።