በቀኝ በኩል ሳኒ

ገብረኣብ በሩን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ የተቀበለው ሽታው ነው። የተጠበሰ ዶሮ፣ አቼቶ የፈሰሰበት ድንች፣ የወለቀ ካልሲ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአዲስ ዕቃ የሚወጣ የጎማና የሙጫ ሽታ። መሀረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ።

«አቦይ፣ ቀስ በል፤ ምንጣፉ ላይ ገመድ አለ» አለችው ልጁ ትእምቲ፣ ክንዱን ይዛ።

ከናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር መመለሳቸው ነው። ጓደኛው ሳኒ ሞቶ፣ የለቅሶው ተዕዚያ እስኪያልቅ ገብረኣብ ከሟቹ ልጆች ጋር ሰንብቶ ነበር። ሳኒን ሰዉ የሚያውቀው በጨርቅ ነጋዴነቱ ነው። ገብረኣብ የሚያውቀው ግን አዲስ አበባ ሳሉ፣ በአንድ ባንድ ውስጥ አጠገቡ ቆሞ ሳክስፎን ሲነፋ ነው። እሱ ራሱ ትራምፔት ይነፋ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ የልምምድ ካሴት አለ፤ ገብረኣብ በግራ፣ ሳኒ በቀኝ ቆመው የተቀዳ። የገብረኣብ ዓይን ብርሃንና ጥላ ብቻ ወደ መለየት ከወረደ ወዲህ፣ ሰው የት እንደ ቆመ ጥርት ብሎ የሚታየው በዚያ ካሴት ብቻ ነው። ከኢስሊ ሲመጡ መንገዱን ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር ነበር። ሳውዝ ሲ ቤቱ ደርሶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሳኒን በቀኝ በኩል መስማት።

ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ስፒከሮች አሉት። ሳጥኖቻቸውን ከዝግባ እንጨት ልገው የሠሩት እሱና ሳኒ ናቸው፤ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ተጭነው መጡ። እንግዳ ሲመጣ ትእምቲ ዳንቴል ታለብሳቸዋለች። ገብረኣብ ሊሰማ ሲል ዳንቴሎቹን ያነሳል፣ አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያኖራቸዋል። ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ማንም አይናገርም።

እጁን ዘርግቶ የቀኙን ሳጥን ፈለገ። ጣቶቹ ያረፉት ግን ሌላ ነገር ላይ ነው። ዝቅ ያለ፣ ወፍራም፣ ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈ ሳጥን። አንዱ የዶሮ ሳህኑን አስቀምጦበት ኖሮ ላስቲኩ በቅባት ረጥቧል። ጣቶቹን ሰብስቦ በመሀረቡ ጠረጋቸው። አሁንም ጠረጋቸው።

«ሳጥኖቼስ?»

«ሰርፕራይዝ ነው፣ አባባ!» የልጁ ባል ባንታየሁ ከሶፋው ብድግ አለ። ዌስትላንድስ ቢሮ ይሠራል፤ ቤትም ውስጥ ሲናገር ስብሰባ የሚመራ ይመስላል። «ያለን አንድ ሳሎን ነው። ለኔ ሲኒማ፣ ለእርስዎ ሙዚቃ፤ ሁለቱን አዋሃድናቸው። ከኋላ ሁለት ስፒከር፣ ከመሃል አንድ፣ ይቺ የነኳት የቤዝ ናት። የእርስዎ ሁለቱ የፊቶቹ ሆኑ። ለሶፋው ቦታ እንዲለቁ ከፍ አድርገን ሰቀልናቸው።»

«ሰቀላችኋቸው?»

«ፉንዲ፣ ባለሙያ አምጥቼ ነው። ጎናቸውን በድሪል በስቶ ብረት አሰረባቸው። አይወድቁም፣ አይስጉ።»

ገብረኣብ ወደ ግድግዳው ሄደ። ከላይ የተንጠለጠለ ነገር ግንባሩን ዳሰሰው። ዳንቴሉ ነው፤ ጣሪያ ሥር ሰቅለዋቸው ሲያበቁ መልሰው አልብሰዋቸዋል። የሸረሪት ድር እንደ ነካው ሰው ፊቱን አራገፈ። ጫማው ሥር ብናኝ ተንኮሻኮሸ። ጎንበስ ብሎ ቆነጠረና አሸተተው። ዝግባ ነው።

«ምዜ፣ ሪላክስ» አለ ኸባብ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ። የባንታየሁ ጓደኛ ነው፤ ናይሮቢ ያደገ፣ ሽማግሌን ሁሉ «ምዜ» የሚል። «ሳውንዱ ፖዋ ነው፣ አሪፍ! ስታዲየም የገባህ ነው የሚመስልህ።»

«ካሴቴን አጫውቱልኝ» አለ ገብረኣብ።

ባንታየሁ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ድምፅ አጥፍቶ ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተ። መጀመሪያ ከበሮው ከወለሉ ተነስቶ የሰውን ሆድ ዕቃ ነቀነቀ። ቀጥሎ የገብረኣብ የገዛ ትራምፔት፣ ከጣሪያም ከጀርባም መጣ። ከዚያ ሳኒ። ሳኒ በቀኝ አልነበረም። ከማጅራቱ ኋላ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል ነፋ። የማያውቀው ሰው አንገቱ ላይ የተነፈሰበት ያህል የገብረኣብን ገላ ቀፈፈው፤ አፉን መራራ ምራቅ ሞላው።

«እንዴት ነው፣ አባባ? ባንዱ በሙሉ ከቦዎታል!»

«ዓርብ የቀበርነውን ሰው ሽንት ቤት በር ላይ ገተራችሁት።»

ኸባብ ሳቀ። ሌላ የሚስቅ ሲያጣ ተወው።

«ና፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥ» አለ ገብረኣብ ባንታየሁን። «ዓይንህን ጨፍን። ሳክስፎኑ የት ነው? ጠቁም። ትእምቲ፣ ወዴት እንደ ጠቆመ ንገሪኝ።»

«ወደ ጣሪያው» አለች ትእምቲ። «አሁን ወደ በሩ። አሁን ደግሞ ወደ ኸባብ።»

«ሁሉም ቦታ ነው፣ አባባ። ጥቅሙም እሱ ነው።»

«አውርዳቸው።»

«ግጥሚያው ይለቅና—»

«ባንታየሁ!» አለች ትእምቲ። «አሁን።»

ወረዱ። ብረቱ ተፈታ፣ ሳጥኖቹ የዱሮ ቦታቸው ላይ፣ በጆሮ ልክ ተቀመጡ። ትእምቲ የኋላዎቹንና የቤዙን ገመድ ነቀለች፤ ሙዚቃው በሁለቱ ብቻ እንዲወጣ በሪሞቱ አስተካከለች። ገብረኣብ የቀኙን ሳጥን በመዳፉ ሲዳብስ ትንሿ ጣቱ ጎኑ ላይ ቀዳዳ ውስጥ ገባች። ከሥሩ ሌላ ቀዳዳ። የግራውም እንዲሁ።

ካሴቱ እንደገና ተነሳ። ሳኒ በቀኝ በኩል መጣ፣ ልክ ቦታው ላይ ቆመ። ሆኖም ወፍራም ድምፅ በመጣ ቁጥር አየር በቀዳዳዎቹ ይሾልካል። ጥርስ ሥር የገባ ፍርፋሪ ሲተፋ እንደሚሰማው፤ ጥፍ፣ ጥፍ።

«እየተፋበት ነው» አለ ገብረኣብ፣ ፊቱን አጨፍግጎ።

«በማስቲሽ እደፍነዋለሁ።»

«ይገማል።»

«በፕላስተርስ?»

«ያጣብቃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባባ?»

«እጅህን ታጠብ። በሳሙና።»

ባንታየሁ ታጥቦ ተመለሰ። ገብረኣብ ጣቶቹን ይዞ አሸተታቸውና መልሶ ላከው። ሲመለስ ከቀኙ ሳጥን አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጠው፤ ሁለት ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀዳዳዎቹ ላይ አሳረፈለት። ትእምቲ ሳይነግራት ከግራው አጠገብ ተቀመጠችና ጣቶቿን እንዲሁ አደረገች። ገብረኣብ ዳንቴሎቹን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ግጥሚያው ያለ ድምፅ ይሮጣል። ከጎረቤት «ጎል!» የሚል ጩኸት ፈነዳ። ባንታየሁ ዘወር ሲል ጣቱ ተነሳ፤ ጥፍ አለ።

«ጣትህን» አለ ገብረኣብ።

ጣቱ ተመለሰ። ሳኒ ነፋ። ገብረኣብ ፊቱ እንደ ተጨፈገገ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ሰው እንደሚያናግረው ሁሉ አንዴ ራሱን ነቀነቀ። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲቆም ባንታየሁ እፎይ ብሎ ሊነሳ ተመቻቸ።

«አትነሱ፤ ሌላው ጎን አለ» አለ ገብረኣብ። «ኸባብ፣ ገልብጥልኝ።»

«ምዜ፣ እጄ ቅባት ነው።»

«ታጠብ።»